ቤተሰብ ይዞ አገር ከመቀየር በፊት፦ የክፉውን ወር ማየት

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በሥልጠና ማንዋላችን ብዙ ጊዜ የማይገኝ፣ በየቤቱ ግን ዘወትር የሚነሳ ነው። በእኛ በወሎ ደጋ መሬቱ ጠቧል። የበልጉ ዝናብ አንዱን ዓመት ይመጣል፣ ሌላውን ዓመት ይቀራል። የመኸሩን ገብስና ባቄላ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይመታዋል። በዚህ ምክንያት "ቤተሰቤን ይዤ ወደ ቆላ ልውረድ" የሚል ሰው በየቀበሌው አለ። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጽሕፈት ቤት መጥቶ አይጠይቅም፤ የሚያማክረው እናንተን ነው። የምትሰጡት ምክር የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ሂዱ ወይም አትሂዱ ለማለት አልመጣሁም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ አገር በደህና ወሩ ብቻ ታይቶ አይመረጥም፤ በክፉ ወሩም መታየት አለበት።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ወረዳ አንድ ጎበዝ አራሽ በጥቅምት ወር መተማ አካባቢ ወርዶ አየ። ሳሩ ከወገብ በላይ ነው፣ ወንዙ ይፈሳል፣ ሰሊጡ እየታጨደ ነው። ተመልሶ በጎቹን ሸጠ፤ በግንቦት መጨረሻ ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ይዞ፣ ሁለት በሬዎቹን በአይሱዙ ጭኖ ወረደ። ቤት ሳይሠሩ ዝናቡ ገባና ክረምቱን በዳስ አሳለፉት። ሰሊጡ ለአጨዳ ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ በወባ ተኛ። ሰሊጥ ደግሞ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ትንሿን ልጃቸውን እዚያው ቀበሩ። በሬዎቹም ዓመት አልሞላቸውም። በሁለተኛው ዓመት ተመለሱ። ሲያጫውተኝ፣ "ልጄ፣ እኔ ያየሁት የጥቅምቱን አገር ነው፤ የገባሁት ግን የነሐሴው አገር ውስጥ ነው" አለኝ።

ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። የጎደለው የአገሩን ዓመት ሙሉ ጠባይ ማወቅ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛ፣ ከፍታ። በየ100 ሜትሩ ስንወርድ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከ2,900 ሜትር ተነስቶ 700 ሜትር ላይ የሰፈረ ቤተሰብ 13 ዲግሪ ያህል ወደሚበልጥ ሙቀት ገባ ማለት ነው። ገብሱ፣ ባቄላውና ምስሩ እዚያ አይሆኑም፤ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሾ ናቸው የሚሆኑት። ጎበዝ የገብስ ገበሬ እዚያ ጀማሪ ነው። የማሽላው ጠላት አቀንጭራ መሆኑን፣ ዋልካ አፈር በክረምት እንዴት እንደሚያስቸግር አዲስ ተማሪ ሆኖ ይማራል።

ሁለተኛ፣ ዝናብ። እኛ ሁለት ዝናብ እናውቃለን፤ በልግና ክረምት። በመተማና በቋራ ግን ዝናቡ የክረምቱ አንድ ብቻ ነው። እሱ ካለፈ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ተስፋ የሚደረግ በልግ የለም። ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ከሄድን ደግሞ ዝናቡ ከዓመቱ ብዙውን ወር ይይዛል፤ እዚያ ችግሩ እህል ማድረቅና ከነቀዝ መጠበቅ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በሽታ። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የሚበረታውም ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ይህ ወቅት ከአጨዳው ጋር ይገጥማል። የደጋ ሰው ወባን ስላልለመደው ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ጎልማሳውም በጽኑ ይታመማል። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛርም አለ፤ አስተላላፊዋ ትንሽ ዝንብ በግራር ዛፍ አካባቢና በዋልካ አፈር ስንጥቅ ትኖራለች፣ ሜዳ ላይ ማደር ያጋልጣል። በአባይና በዴዴሳ ሸለቆዎች ደግሞ ከብቱን ገንዲ ይይዘዋል።

ታላላቆቻችሁ የ1977ን ዘመን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። የሚሄድበትን አገር አስቀድሞ የማየት ዕድል አልተሰጠውም። ብዙ ሰው በወባና በሌላ በሽታ አለቀ፤ ብዙዎችም በእግራቸው ተመለሱ። ዛሬ በራሱ ፈቃድ የሚሄድ ሰው ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ይይ።

እንዴት ይይ? ለሚያማክራችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

• በጥቅምት ሲሄድ ምርቱን ይይ፣ ግን ጤና ኬላው ጋ ምን ያህል ሰው ተሰልፎ እንደሚውል አብሮ ይይ።
• በየካቲት ሲሄድ ግጦሹ እስከ መቼ እንደሚቆይና የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጠይቅ።
• በሚያዝያ ሲሄድ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ይይ። ይህን ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ያውቁታል፤ ከተቻለ ባለቤቱ አብራው ትሂድ።
• በነሐሴ ሲሄድ መንገዱ ይቆረጥ እንደሆነ፣ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ መድረስ ይችል እንደሆነ ይይ።

አራት ጊዜ መሄድ አቅሙ ካልፈቀደ ሚያዝያና ነሐሴ አይቅሩ። እዚያ አሥር ዓመት የኖረ ሰው አግኝቶ "ክፉው ዓመት የቱ ነበር? እንዴትስ አለፋችሁት?" ብሎ ይጠይቅ። መሬቱም ባለቤት አልባ እንዳይመስለው፤ በአካባቢው ሕዝብና በቀበሌው ፈቃድ ካልሆነ አይስፈር።

ለመሄድ ከቆረጠም የመጀመሪያውን ዓመት ለሥራ የደረሰ ሰው ብቻ ይሂድ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እዚሁ ይቆዩ። ቤተሰቡ የሚወርደው ወባው ጋብ ሲል፣ በጥር ወይም በየካቲት ይሁን፤ ዝናብ ሳይገባ ቤት ይሠራል፣ ማሳ ይዘጋጃል። አጎበር ከዚሁ ተይዞ ይሄዳል። ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ይታከም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለ ለካላዛር ይመርመር። እስከሚቀጥለው ምርት የሚያደርስ ቀለብ ሳይኖር መነሳት አይገባም። የእዚህን መሬት ይዞታ በተመለከተም ከመነሳቱ በፊት የቀበሌውን መሬት አስተዳደር ይጠይቅ፤ የመመለሻውን በር ዘግቶ አይሂድ።

አይቶ፣ ጠይቆ "አልሄድም" ብሎ የቀረ ሰው ፈሪ አይባልም፤ የመኪና ኪራይ ከፍሎ የቤተሰቡን ሕይወት ያተረፈ ነው። አይቶ የሄደም ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይሄዳል። ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱ "የት ልሂድ?" ለሚላችሁ ጎረቤት የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "በየትኛው ወር አየኸው?" የሚል ይሁን።

 አሁን ወደ ውይይቱ እንለፍ።