ከፊልም ወደ ጌም፦ ስሙ ተሻግሮ መንፈሱ የቀረ ውርስ ትርጉም

በሳሪስ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ያልተሳካ የቪዲዮ ጌም ነው። ርእሱ ለሕዝባዊ ንግግር የቀለለ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሳሪስ መንገዶች የሚመላለስ ሰው የፕሌይስቴሽን ቤቶችን በር ሳያይ አይውልም። ወጣቶቻችን ታሪክን የሚቀበሉት በንባብ፣ በመድረክና በፊልም ብቻ አይደለም፤ በጣቶቻቸው እየመሩም ይቀበሉታል። ስለዚህ ታሪክ ከፊልም ወደ ጌም ሲሻገር ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል ብሎ መጠየቅ የሥነ ጽሑፍም፣ የቴአትርም፣ የኮምፒውተር ሳይንስም ጉዳይ ነው።

ታሪክን ከአንድ ዘውግ ወደ ሌላው ማሻገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ» የተሰኘውን ቴአትር ጻፉ። አራዊቱ መድረክ ላይ በአማርኛ ሲናገሩ ተመልካቹ የሰማው የራሱን ዘመን አስተዳደር ትችት ነበር፤ ቴአትሩ መታገዱም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ያላነበበው ሰው ጭምር ገጸ ባሕርያቱን በቃና ለይቶ አወቃቸው። ሁለቱም ሥራዎች የተሳካላቸው አዲሱ መድረክ የሚችለውን ነገር ስለሠሩበት ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው ምሳሌ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ለሕዝብ ታየ። ምድር ላይ ተነጥሎ የቀረ የሌላ ዓለም ፍጡርና ኤሊየት የተባለ ልጅ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው የሚወዳጁበት ምናባዊ ፊልም ነው። አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ በፊልሙ ስም ጌም ለመሥራት ፈቃድ ገዛ፤ ክፍያው ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተዘግቧል። ድርድሩ ያለቀው በሐምሌ መጨረሻ ነበር። ጌሙ ለፈረንጆች ገና ገበያ እንዲደርስ ደግሞ የፕሮግራም ሥራው እስከ መስከረም 1 መጠናቀቅ ነበረበት። ሥራው የተሰጠው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ሲሆን፣ የነበረው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።

መሣሪያው አታሪ 2600 ይባላል፤ የሥራ ሜሞሪው 128 ባይት ነበር። ዛሬ በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ሜሞሪ ከ42 ፊደላት በላይ አይይዝም ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጣል አይቻልም። ያው ባለሙያ በዚያው መሣሪያ ላይ ብዙ ወራት ወስዶ የሠራው «ያርስ ሪቬንጅ» እስከ ዛሬ ይደነቃል።

ጌሙ ምን ይመስል ነበር? ተጫዋቹ ኢ.ቲ.ን እየመራ በየጉድጓዱ የተበተኑትን ሦስት የስልክ ክፍሎች ይሰበስባል፤ ከሚያሳድዱት ሰዎች ይሸሻል፤ ኃይሉ ሳያልቅ ወደ አገሩ ይደውላል። ከረሜላ ሰብስቦ ለኤሊየት ከሰጠ አንዱን የስልክ ክፍል ያገኛል። ችግሩ የጀመረው ከጉድጓዶቹ ነው። የገጸ ባሕርዩ አካል ጠርዙን ገና ሲነካ ይወድቃል፤ ተንሳፎ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወድቃል። ተጫዋቹ ለምን እንደወደቀ አያውቅም፤ የመመሪያውን መጽሐፍ ካላነበበም የሚረዳው ጥቂት ነው። በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ለአንድ ዙር ሳንቲሙን የከፈለ ልጅ እንዲህ ያለውን ጌም ስንት ደቂቃ ይታገሠዋል?

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ይረዳናል። በአማርኛ «ጨዋታ» የልጆች መዝናኛም ነው፣ የአዋቂዎች ወግም ነው። እንግዳችንን «ተጫወት» የምንለው እንዲናገርና መልስ እንዲሰጠን ነው። ጌምም እንዲሁ ነው፤ ተጫዋቹ በእጁ ይናገራል፣ ማሽኑ ይመልሳል። መልሱ ምክንያት ከሌለው ጨዋታው ይፈርሳል። የፊልሙ ልብ ደግሞ በሁለት ባዕዳን መካከል የሚወለደው መግባባት ነበር። ጌሙ ስልኩን፣ ከረሜላውንና ኤሊየትን ወሰደ፤ መግባባቱን ግን ተጫዋቹ ሊያደርገው በሚችለው ድርጊት አልተካውም። ወዳጅነት በከረሜላ የሚከፈል ውለታ ሆኖ ቀረ።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ጌሙ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ያህል ተሽጧል፤ ኪሳራው የመጣው ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ በመታተሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ሲወድቅ አታሪ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ ለዚህም ምክንያቱ አንድ ጌም ሳይሆን ገበያውን ያጥለቀለቀው ምርት ነው። አታሪ በኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ ከተማ የተረፈ ምርቱን ቀብሮ ነበር። ቦታው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሲቆፈር ከ«ኢ.ቲ.» ጋር ሌሎች ብዙ ጌሞች ተገኝተዋል። ስለዚህ ዋርሾን የውድቀቱ ሁሉ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ፍትሕ አይደለም። የጊዜ ሰሌዳውን የወሰነው ገበያው ነበር። በአንጻሩ «ጎልደንአይ 007» የተሰኘው ጌም የወጣው ከፊልሙ በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ1997 ነው፤ መዘግየቱ ተወዳጅ ከመሆን አላገደውም።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ የታወቀ ፊልም ወይም ተረት ይሰጠውና «ለእንቁጣጣሽ አድርስ» ይባላል። የአያ ጅቦንና የእመት ጦጢትን ተረት እንውሰድ። ጦጢት እየሮጠች ፍራፍሬ የምትለቅምበት ጌም በጥቂት ሳምንት ሊሠራ ይችላል፤ ሥዕሉም ያምር ይሆናል። የተረቱ ጣዕም ግን ደካማው ብርቱውን በብልሃት ማታለሉ ነው። ተጫዋቹ ራሱ ወጥመድ ካላሰበ፣ አያ ጅቦን በቃል ካላሞኘ፣ አንዳንዴም ራሱ ካልተሞኘ፣ የተሻገረው የእንስሳቱ ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን የኮድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ተመልካቹን ወይም አድማጩን ያስደሰተው ነገር ምን ነበር? ተጫዋቹስ ያንኑ በምን ድርጊት ያገኘዋል? መልሱን ለማግኘት የሥነ ጽሑፍ ተማሪውና የሶፍትዌር ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። የተሰጣችሁ ጊዜ ለዚህ የማይበቃ ከሆነም፣ አይበቃም ብሎ በወቅቱ መናገር የሙያችሁ ግዴታ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን በደስታ እቀበላለሁ።