ብርቅ ድንጋይና የሰው እጅ



ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቍልቍል የወረደ መንገደኛ፥ ገደሉ እርከን በእርከን ተነባብሮ ያያል። ንብርብሩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ይህን ያየ ሰው «እዚህ ውስጥ አልማዝ ይኖር ይሆን?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አልማዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ተፈጥሮ፥ በሌላ ዓይነት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ታዝሎ የሚወጣ ነው።

ከአልማዝ ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ሮዝ አልማዝ ነው። ቢጫው ቀለሙን ከናይትሮጅን፥ ሰማያዊው ከቦሮን ያገኛል። ሮዙ ግን በምድር ውስጥ በደረሰበት ከባድ ጫና የውስጥ አሠራሩ በመጣመሙ የቀላ ነው። ከዓለም ሮዝ አልማዝ ከመቶ 90 እጅ በላይ ይሰጥ የነበረው በአውስትራልያ ያለው የአርጋይል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሆንግ ኮንግ 59.60 ካራት የሆነ ሮዝ አልማዝ ከ71 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ። ክብደቱ 12 ግራም አይሞላም። ከመሬት ሲወጣ ግን 132.5 ካራት ነበረ፤ ጠራቢዎች 20 ወር ያህል ደክመውበት ከግማሽ በላይ ቀንሰውታል። ድንጋዩ እያነሰ ሳለ ዋጋው የጨመረው በእጅ ጥበብ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገልጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ኅብረ ቀለም ያለው ኦፓል ተገኝቷል። የተገኘበትም ድንጋይ ከሊማሊሞ ገደል ጋር በዕድሜ የሚቀራረብ ነው። ይህ ኦፓል ውኃ ሲጠጣ ይጠራል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለስለታል። የአገሩ ወጣቶች በገደሉ ወገብ ላይ ጠባብ ዋሻ በእጃቸው እየቈፈሩ ያወጡታል፤ ዋሻው ተንዶባቸው የሞቱም አሉ። በሕይወት የተገዛው ድንጋይ ሳይጠረብ ከአገር በወጣ ቍጥር፥ የጠራቢው ደመወዝና የነጋዴው ትርፍ አብሮት ይወጣል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች፥ ስለ ማዕድን የሚጻፍ ወረቀት እጃችን ሲገባ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ቈፋሪው በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለሰው እንዴት ነው? ድንጋዩንስ የሚጠርብ ወጣት በአገሩ የሚማረው የት ነው? የብርቅ ድንጋይ ጥቅሙ ለባለ አገሩ የሚደርሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲገኝ ነው።