በጾም ተሠርቶ በገና የሚበላ ጣፋጭ

(በማኅበራችን የኅዳር ወር ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ያዣችን የቀረበ ንግግር)

የማወራው ባለፈው ገና ስለሠራነው ሜሬንግ ነው። ለአዲስ አባላት ልንገራችሁ፦ የእንቁላል ነጩ ከስኳር ጋር ይመታል፣ ጫፉ በተበሳ ከረጢት በቅርጽ ይጨመቃል፣ ከዚያ በቀስታ ሙቀት ይደርቃል። ዱቄትም ቅቤም የለውም። አዲስ አበባ ኬክ ቤት መስታወት ውስጥ ያየችው ትኖራለች።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እኛ እንጾማለን፤ ዶሮዋ ግን መጣሏን አታቆምም። እንቁላል ይረክሳል። ለታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ለዶሮ ወጡ ይፈልገዋልና ይወደዳል። ሜሬንግ በደንብ ከደረቀና በሚገጥም ቆርቆሮ ከተከደነ ሁለት ሳምንት አይበላሽም። ስለዚህ በርካሹ ገዝተን በጾሙ ሠርተን ለበዓሉ እንሽጥ አልን። ጾመኛ እንዴት ሳትቀምስ ትሠራለች ያላችሁኝ ነበራችሁ። ልኩ በሚዛን ነው፤ የስኳሩ ክብደት የነጩ እጥፍ ነው። ለቅምሻው ልጆች አሉልን።

የመጀመሪያው ቀን 20 እንቁላል ሰብረን አረፋው እምቢ አለ። ያን ቀን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እጃችን እስኪዝል ነው የመታነው። ምክንያቱ ቅባት ነበር። የፕላስቲክ ሳህን ቅቤ ከነካው በኋላ ቢታጠብም ሙልጭ ብሎ አይለቅም፤ የእኛ ቤት ዕቃ ደግሞ ቅቤ ያልነካው የትኛው ነው? ከዚያ ወዲህ የብረት ጎድጓዳ ሳህን በሎሚ እየጠረግን ሠራን። አስኳል ጠብ ቢልም ያው ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ በስኒ መስበር ነው።

የእኛ ብርድም የራሱ ጠባይ አለው። እንቁላሉ ቀዝቃዛ ሳለ ነጩና አስኳሉ በቀላሉ ይለያያሉ፤ ሲመታ ግን ብርዱ የለቀቀው ይሻላል፤ ነጩን ምድጃ አጠገብ ትንሽ ማቆየት ነው። ቦታችን ከፍተኛ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አረፋው ቶሎ ይነፋል፣ ካበዛነውም ይፈረካከሳል። መምቻው ሲነሳ ጫፉ ቆሞ ትንሽ ጎንበስ ሲል ማቆም። የታኅሣሥ ደረቅ አየር ይረዳናል። በክረምት አትሞክሩት፤ እርጥበት ይስብና ይጣበቃል።

ቅርጹን በተመለከተ መስቀል እናድርገው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። መስቀል አይነከስም ብለው እማማዎቹ ከለከሉን፤ ልክ ነበሩ። ጅባራ አደረግነው፤ ጓሳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን። ከታች ሰፋ፣ ወደ ላይ ሾጠጥ አድርጎ መጨመቅ ነው፣ ለእጅም ይቀላል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጡት ዘመዶቻችን ገና ሳያቸው ጅባራ መሆኑን አወቁት።

ያደረቅነው በዳቦ ቤት ምድጃ ነው፤ ዳቦው ወጥቶ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ አሳድረነው።

አሁን ወደ ደብተሩ። ባለፈው ስብሰባ 1,134 ብር አተረፍን ብዬ አንብቤ አጨበጨባችሁልኝ። ያ ሒሳብ የተሳሳተ ነው፤ ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ሰባት ሆነን እያንዳንዳችን ዘጠኝ ሰዓት ሠርተናል፤ 63 ሰዓት ማለት ነው። ሲካፈል ለሰዓት 18 ብር ይደርሳል። ለመደርደሪያው አናጺ የከፈልነው የቀን አበል ተጽፏል፤ የእኛ ሰዓት ግን የለም። እንዴት እንደዘለልኩት ለራሴም ይገርመኛል፤ ሥራዬ ይህ ሆኖ! ምናልባት ወጥ ቤት ስለሆነ ሥራ አልመሰለኝም። ምድጃውም በነፃ የተሰጠን ነው፤ ዘንድሮ ኪራይ ብንጠየቅ ትርፉ ይበልጥ ይቀንሳል። በሌላ በኩል 80 አስኳል ለልጆች ብለን ተከፋፍለን ወስደናል፤ እሱም በገቢ አልተጻፈም።

ስለዚህ ዘንድሮ እንሥራ ወይስ እንተው የሚለውን ከመወሰናችን በፊት አዲስ ሒሳብ አምጥቻለሁ። ሰዓታችን በወጪ ተጽፏል፤ የአንዱ ጅባራ ዋጋም በዚያው መጠን ጨምሯል። በላስቲክ ስንሸጥ መንገድ ላይ የተሰባበረው ብዙ ነበርና የካርቶን ሣጥን ገብቷል። ዋጋው ለገበያችን ይከብዳል የምትል ትናገር፤ እኔም ትንሽ እፈራለሁ። ግን በ18 ብር ሌሊቱን እንድትቆሙ ድጋሚ አልጠይቃችሁም። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ማንበብ የሚያስቸግራት ካለች ከአጠገቧ ያለችው ታንብብላት፤ ከዚያ እጅ እናወጣለን።