በር ያለው ክፍል ለማን ይገባል?



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ አንድ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማወራ መስሏቸው ነበር። እኔ የማወራው ስለ ግድግዳና ስለ በር ነው። የምመራው የሶፍትዌር ቡድን በቅርቡ ቢሮ ይቀይራል። ለ24 ሰው አንድ ባዶ ወለል ይሰጠናል። ክፍት አዳራሽ ይሁን ወይስ ይከፋፈል? ክርክሩ ገና አልተቋጨም፤ እኔ ይከፋፈል ባይ ነኝ።

እዚህ ግቢ ፈተና ሲደርስ ምን እናደርግ ነበር? ዶርም ውስጥ አብረን እንበላለን፣ እንስቃለን፣ እንከራከራለን። ጥናት ሲመጣ ግን ሁሉም ደብተሩን ይዞ «ስፔስ» ፍለጋ ይወጣል። ባዶ ክፍል አግኝቶ በሩን የዘጋውን ልጅ «ሰው አይወድም» ያለው አልነበረም። ፕሮግራም መጻፍም እንደዚያው ነው። አንድ ስህተት የሚፈልግ ሰው አምስት ስድስት ነገር በአንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ያ ኢሜይል ደረሰህ?» ሲለው ሁሉም ይበተናል። ከዚያ እንደገና አንድ በአንድ መልቀም ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ የሳንታ ቴሬሳን ቤተ ሙከራ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሠራተኞች ሲያሠራ፣ አርክቴክቶቹ መጀመሪያ ፕሮግራመሮቹ እንዴት እንደሚሠሩ አጠኑ። ውጤቱ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ክፍል ነበር፤ ስፋቱ 9 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የጠረጴዛው ገጽ ብቻ ወደ 3 ካሬ ሜትር የሚጠጋ። ቶም ዴማርኮና ቲሞቲ ሊስተር ደግሞ በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ የፕሮግራመሮችን ውድድር ውጤት ከቢሯቸው ጋር አነጻጸሩ። ከፊት የወጡት ሰፋ ያለና ጸጥ ያለ ቦታ የነበራቸው ናቸው። እርግጥ ጎበዝ ሰው ጥሩ ቢሮ ወዳለበት ይሄዳል ማለትም ይቻላል። ለቀጣሪ ግን ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ክፍት አዳራሹ እንዴት አሸነፈ? በ2015 ፌስቡክ ፍራንክ ጌሪ የነደፈውንና 2,800 ያህል መሐንዲሶችን በአንድ ክፍል የሚይዘውን ሕንጻ ሲከፍት ዓለም አጨበጨበ። ምክንያቱ «ሰው እንዲነጋገር» ነው ተባለ። ኪራይ መቀነሱን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። በ2018 ኤታን በርንስታይንና ስቴፈን ተርባን ወደ ክፍት ቢሮ በተዛወሩ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ሠራተኞች መለኪያ መሣሪያ አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉ አድርገው ተከታተሉ። የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የኢሜይል ልውውጥ ጨመረ። አይገርምም። ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ዘግቶ ስክሪኑ ላይ ይተከላል።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሰላምታችን። ሃያ ሰው ያለበት አዳራሽ የገባ ሰው «እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ሳይል ማለፍ አይችልም። አንዱን ሰላም ብሎ ሌላውን መዝለልማ ቂም ነው። አርፍዶ የሚገባው ሁሉ ዙሩን ይጀምራል። ይህ ጨዋነታችን ነውና እንዲቀር አልፈልግም። ሰላምታው ቡናው ጋ ይሁን፤ ሥራው በር ያለው ክፍል ውስጥ ይሁን ነው የምለው። ጆሮ ማዳመጫ መፍትሔ ነው የሚሉኝ አሉ። ማዳመጫ ያደረገች ልጅ ሰላም ሲሏት ካልሰማች በሦስተኛው ቀን «ኮርታለች» ትባላለች።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት በር የማዕረግ ምልክት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ የሚውለው ኃላፊ ክፍል፣ መጋረጃና ጸሐፊ አለው። ኮድ የምትጽፈው ልጅ አዳራሽ ውስጥ፣ ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እርስዋ ጠዋት 12 ሰዓት ትገባ ነበር። ሥራዋን እስከ 2 ሰዓት ጨርሳ የቀረውን ቀን ጫጫታውን ትችላለች። ዓመት ሳይሞላ ቤቷ ሆና ለውጭ ድርጅት መሥራት ጀመረች። ደመወዙ ብቻ አይደለም የወሰዳት፤ እኔን «እዚያ ማንም አይጠራኝም» ነው ያለችኝ።

ባልደረቦቼ የሚያነሱት አንድ ተቃውሞ ግን ያሳስበኛል። ገና የተመረቀ ልጅ ብዙ የሚማረው ከጎኑ የተቀመጠውን አንጋፋ ሲሠራ እያየ ነው። ብቻውን ዘግተን ብናስቀምጠው በአንድ ችግር ሦስት ቀን ይቆማል፤ ለመጠየቅም ያፍራል። ስለዚህ የአይቢኤምን ንድፍ እንዳለ አልወስድም። ያቀረብኩት ሐሳብ ለሁለት ሰው አንድ ክፍል፣ አንጋፋና ጀማሪ፣ 12 ካሬ ሜትር ነው። 12 ክፍል 144 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ወለሉ 300 ስለሆነ ለመተላለፊያ፣ ለስብሰባና ለቡና የሚሆን ቦታ ይተርፋል።

የቀረኝ ችግር ይኸውላችሁ። እዚህ ከተማ የምናየው የአልሙኒየምና የመስታወት ክፍልፋይ ኮርኒሱ ላይ ይቆማል፤ ከጎረቤት ክፍል የሚወራው በኮርኒሱ በላይ ዞሮ ይመጣል። እስከ ሶሌታው ካደረስነው ደግሞ መሃል ላይ ያሉት ክፍሎች አየርም ብርሃንም ያጥራቸዋል። ከአርክቴክቸርና ከሲቪል ምህንድስና የተመረቃችሁ፣ የወለሉን ንድፍ ይዤ መጥቻለሁ። በምሳ ሰዓት በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ዘርግቼ እጠብቃችኋለሁ፤ እርሳስም አለኝ።