ስለ ዓይን ግፊትና ስለ ኮርኒያ ውፍረት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ቀኑን ሙሉ በመዝገብና በደብዳቤ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚውል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ዕድሜው 40ን ሲያልፍ ፊደሉ ይደበዝዝበትና መነጽር ይገዛል። ፊደሉም ሲጠራለት ዓይኑ ደኅና የሆነ መስሎት ይረካል። ነገር ግን መነጽር የማያርመው፣ ብዙ ጊዜም ሕመም ሳያሰማ ብርሃንን የሚሰርቅ ግላኮማ የሚባል በሽታ አለ። አስቀድሞ የሚያጠፋው የዳር የዳሩን እይታ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ የጠፋውም ብርሃን ተመልሶ አይገኝም።

ሐኪም ይህን በሽታ ከሚፈልግባቸው መንገዶች አንዱ የዓይንን ግፊት መለካት ነው። የስዊስ አገሩ ሊቅ ሐንስ ጎልድማን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስገኘው መለኪያ፣ ኮርኒያ የምትባለውን ብርሃን አሳላፊ የዓይን ፊት ሽፋን በቀስታ ይጫናል፤ እርስዋን ጠፍጣፋ ለማድረግ ካስፈለገውም ኃይል ግፊቱ ይታወቃል። በተለምዶ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያለው እንደ ደኅና ይቆጠራል።

ዳሩ ግን ወፍራም ቆዳና ስስ ቆዳ በእኩል ኃይል እንደማይጎብጡ ሁሉ፣ የኮርኒያም ውፍረት ከሰው ሰው ይለያያል። ወፍራም የሆነች እንደ ሆነ ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ስስ የሆነች እንደ ሆነ ግን ዝቅ ብሎ ይታይና ታማሚውን ጤነኛ ያስመስለዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ምርምር፣ የዓይን ግፊታቸው ከፍ ካለ ሰዎች መካከል ኮርኒያቸው 555 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነው፣ ከ588 ማይክሮን በላይ ከሆነላቸው ይልቅ ለግላኮማ ሦስት እጥፍ ያህል የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጧል። በዚያው ምርምር የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ኮርኒያ በአማካይ የሳሳ ሆኖ ተገኝቷል።

ዕድሜና ፆታስ? በአዋቂዎች ዘንድ ሁለቱም በኮርኒያ ውፍረት ላይ የሚያመጡት ልዩነት ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ነው፣ ወይም ሴት ናት በማለት ውፍረቱን መገመት አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል። የግላኮማ አደጋ ግን ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል፤ በቤተ ዘመዱ ይህ በሽታ ላለበትም ሰው ይበልጥ ያሰጋል።

አንባብያን ሆይ፣ ሒሳብ ሹም መዝገቡን በአንድ ደረሰኝ ብቻ እንደማይዘጋ፣ እናንተም ስለ ዓይናችሁ በአንድ ቁጥር ብቻ አትርኩ። ወደ ሐኪም በሄዳችሁ ጊዜ ግፊቱን ብቻ ሳይሆን የኮርኒያችሁን ውፍረትና የዓይናችሁን ነርቭ እንዲመረምርላችሁ ጠይቁ። ዓይን ሳይጠፋ የሚደረግ ጥያቄ ከጠፋ በኋላ ከሚደረግ ልቅሶ ይሻላልና።