ለየቲሙ ማን ይጠይቅለት?

 

አባት ያለው ልጅ ትምህርቱ ቢዳከም አባቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ይጠይቅለታል። ለየቲሙ ግን ክፍያውን የምንከፍል እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅለታል?

ከዚህ ቀደም በየካ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ሕንፃውና የደንብ ልብሱ ያማረ አንድ ትምህርት ቤት አይተን ልጆቻችንን አስገባን። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱን ልጅ መጽሐፉን ብናስይዘው ማንበብ ተሳነው። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ያየነው ግድግዳውን ነበርና።

የአገራችን የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ከመቶው ነጥብ 25ቱን ለግብዓት፣ 35ቱን ለመማር ማስተማሩ ሂደት፣ 40ውን ለውጤት ይሰጣል። ትምህርት ቤቶችንም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል፤ መስፈርቱን አሟላ የሚባለው 70 በመቶ አግኝቶ ደረጃ 3 የደረሰው ነው። እንግዲህ ሕንፃው፣ ወንበሩና መጽሐፉ ሁሉ ቢሟላ ከሩቡ ነጥብ አያልፍም።

የቀረው ሲጎድል የሚሆነውን በ2015 ዓ.ም በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አየን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ስለዚህ ልጅ ከማስመዝገባችን በፊት የኢንስፔክሽኑን ውጤት እንጠይቅ፤ የሂደቱንና የውጤቱን ነጥብ ለይተን እንመልከት። ኢንስፔክተሩ ሁልጊዜ አይገኝምና በየወሩ ደብተሩን እንግለጥ፤ ልጁንም እናስነብበው። የየቲም አማና ደረሰኝ በመቁረጥ ብቻ አይወጣም።