ስለ ጄምስ ቤክዎርዝና ስለ ማሪስቪል ከተማ በዓል፤ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ሰው በተጠረገ መንገድ ሲሄድ መንገዱን ማን እንደ ከፈተው አይጠይቅም። ድልድይ ሲሻገር ግንበኛውን አያስበውም፤ ከጕድጓድ ውኃ ሲቀዳም ቈፋሪውን አያነሣውም። ይህ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነውና አንዱን ሕዝብ ብቻ ነጥለን የምንወቅስበት አይደለም። ነገር ግን ውለታን የሚረሳ አገር ውለታ የሚውልለት ሰው እያነሰው ይሄዳል። ስለዚህ የተረሳውን ፈልጎ ማስታወስ የትምህርት ቤትና የሽማግሌ ሥራ ነው። ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆነን ዘንድ፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ክፍል የምትገኝ ማሪስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ያደረገችውን እነግራችኋለሁ። በንግግሬ ውስጥ የሚጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጄምስ ቤክዎርዝ በ1798 ወይም በ1800 ገደማ በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ ነጭ፣ እናቱም በባርነት የተያዘች ጥቁር ሴት ነበረች። የዚያ አገር ሕግ ልጅ የእናቱን ዕድል ይከተላል ይል ስለ ነበረ፣ ሕፃኑ ከአባቱ ጋር ቢያድግም በሕግ ፊት የአባቱ ባሪያ ነበረ። አባቱ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ምዕራብ፣ ሴንት ሉዊስ ወደምትባለው ከተማ አቅራቢያ ከሄደ በኋላ፣ ልጁ ከብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ገብቶ እጀ ሥራ ተማረ። ከ1824 ጀምሮም አባቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃነቱን አስመዘገበለት። ነፃ ሰው ለመባል ከገዛ አባቱ ወረቀት መቀበል ነበረበት ማለት ነው።

በዚያው በ1824 የአውሬ ቆዳ ይነግድ ከነበረው ከጄኔራል ዊልያም አሽሊ ጉዞ ጋር ሆኖ ወደ ሮኪ ተራሮች ወጣ። በዚያን ዘመን ቢቨር የሚባለው የወንዝ እንስሳ ጠጕሩ ለባርኔጣ መሥሪያ እጅግ ይፈለግ ነበረና፣ ወጥመድ ይዘው በበረዶና በረኃብ መካከል የሚንከራተቱ ሰዎች ብዙዎች ነበሩ። ቤክዎርዝም ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ከዚያም ክሮው ከሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ጋር ለብዙ ዓመታት ኖረ፤ ቋንቋቸውን ተማረ፣ ከእነርሱም አገባ። በ1842 ደግሞ ዛሬ በኮሎራዶ ክፍል የምትገኘውን የፑዌብሎን መንደር ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ነበረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በካሊፎርኒያ ምሥራቅ ሲየራ ኔቫዳ የሚባሉ ተራሮች እንደ ግንብ ተገትረው ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ የሚሰደደው ሕዝብ ከብቱንና ጋሪውን ይዞ እነዚህን ተራሮች መሻገር ነበረበት። በ1846 መጨረሻ የዶነር ጓድ የሚባለው የመንገደኞች ጭፍራ በዚያ በረዶ ተይዞ ከረመ። ከ80 ከሚበልጡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞቱ፤ በሕይወት ከተረፉትም ብዙዎቹ ከረኃብ የተነሣ የሞቱትን ሥጋ ለመብላት ተገደዱ። ከተረፉት መካከል ሜሪ መርፊ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። እርስዋ በኋላ አግብታ በሸለቆው ተቀመጠች፤ በ1850 በዚያ የተቋቋመችው ከተማም በስሟ ማሪስቪል ተባለች። ስለዚህ የከተማዪቱ ስም ራሱ የተራራውን ክፋት የሚያስታውስ ነበረ።

በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ የመንገደኛው ብዛት እጅግ ጨመረ። ቤክዎርዝ በ1850 ወርቅ ሲፈልግ ከሩቅ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ የተራራ በር አየና፣ ሄዶ መረመረው። ይህ በር ከፍታው 1,591 ሜትር ሲሆን፣ የዶነር ጓድ የተገታበት በር ግን 2,150 ሜትር ያህል ነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎች ስታስረዱ፣ አዲስ አበባ ከሁለቱም በሮች በላይ ከፍ ብላ 2,350 ሜትር ያህል ላይ እንደ ተቀመጠች ንገሯቸው። ልጆቹ በእኛ አገር በዚህ ከፍታ ላይ ጤፍና ገብስ ሲበቅል በዚያ ሰው በበረዶ የሚሞትበትን ምክንያት መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ምድር ወገብ ቅርበትና ርቀት ለማስተማር መልካም አጋጣሚ ይሆንላችኋል።

እውነቱን ለመናገር ያን ሥፍራ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ያየው ቤክዎርዝ አይደለም። የዋሾና የማይዱ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት አገር ነው። የእርሱ ሥራ በሩ ለጋሪ እንደሚመች ማስተዋሉ፣ ከዚያም እስከ ማሪስቪል ድረስ የሚያደርሰውን መንገድ መምረጡና ማስጠረጉ ነው። የማሪስቪል ነጋዴዎች መንገደኛው ወደ ከተማቸው ቢመጣላቸው ትልቅ ጥቅም ስለሚያገኙ፣ ለድካሙ ገንዘብ እንከፍልሃለን ብለው ተስፋ ሰጡት። እርሱም በዚያ ተስፋ ተማምኖ ከራሱ ኪስ እያወጣ ሥራውን ጀመረ። ያወጣው ገንዘብ 1,600 ዶላር እንደ ነበረ በመጽሐፉ ተናግሯል።

በ1851 የመጀመሪያዎቹን ጋሪዎች መርቶ አሻገረ። ከመንገደኞቹ መካከል አይና ኩልብሪዝ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤክዎርዝ ከፊቱ በፈረሱ ላይ አስቀምጦ በሩን አሳለፋት። ይህች ልጅ አድጋ ስመ ጥር ባለ ቅኔ ሆነች፤ በ1915ም የካሊፎርኒያ የመጀመሪያ የክብር ባለ ቅኔ ተብላ ተሰየመች። የዚያን ሰው ደግነት እስከ እርጅናዋ ድረስ ታነሣው ነበር።

ነገር ግን ጋሪዎቹ ከተማ በደረሱበት ጊዜ፣ በኦገስት ወር መጨረሻ ማሪስቪል በእሳት ተቃጠለች። ነጋዴው ዕቃውን፣ ባለ ቤቱም ቤቱን አጣ። ቤክዎርዝ ዋጋዬን ስጡኝ ቢል የሚሰጠው አላገኘም። ከተማዪቱ እንደ ገና ተሠራች፣ በለጸገችም፤ ብዙ መንገደኛም በዚያው በር እየገባ ገበያዋን አደመቀው። ዕዳው ግን አልተከፈለም። እሳቱ የዚያን ሌሊት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት ዓመታት ግን ምክንያት አይሆንም።

ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳዝነው የስሙ ነገር ነው። በ1856 የሕይወቱ ታሪክ እርሱ እየተናገረ ቶማስ ቦነር የሚባል ሰው እየጻፈው ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የተጋነነ ነገር ስለ ነበረ፣ ብዙዎች ሁሉንም ውሸት ነው አሉት፤ አንዳንዶቹም ነቀፋቸውን ከዘሩ ጋር አያያዙት። የተራራው በር በካርታ ላይ ለብዙ ዘመን ቤክዊዝ እየተባለ ይጻፍ ነበር። በ1851 በወጣ አንድ የሲኒማ ሥዕል ብሎ የሚሳሳት አይጥፋምና ዓመቱን ልብ በሉ፤ ቤክዎርዝ በሩን ካሻገረ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1951 ቶማሆክ በተባለ የሲኒማ ሥዕል የእርሱን ስም የያዘውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ነጭ ተዋናይ ነበረ። ሥራው ሳይጠፋ የሠራተኛው መልክ ተፋቀ ማለት ነው።

ከዘመናት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1994 የአሜሪካ ፖስታ ቤት መልኩ ያለበትን ቴምብር አወጣ። በ1996 ደግሞ የማሪስቪል ከተማ፣ ትልቁን የወንዝ ዳር መናፈሻዋን በቤክዎርዝ ስም እንዲጠራ አደረገች። መንገዱ ከተከፈተ 145 ዓመት አልፎ ነበር። የቤክዎርዝ የጠረፍ ዘመን ቀናት የተባለ በዓልም በስሙ ተቋቁሞ ሕዝቡ ተሰበሰበ። የበዓሉ ሥርዓት ያለፈውን ዘመን ኑሮ በዓይን ማሳየት ነበር፤ ሰዎች የዚያን ጊዜ ልብስ ለብሰው፣ የዚያን ጊዜ ሥራና አኗኗር ለልጆች ያሳዩ ነበር። ልጅ በመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን አይረሳምና፣ ይህ መልካም ዘዴ ነው።

ምናልባት ከሽማግሌዎች አንዱ፣ «የሞተ ሰው በመናፈሻና በበዓል ምን ይጠቀማል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። 1,600 ዶላሩ ለባለቤቱ አልደረሰም፤ ሊደርስም አይችልም። ነገር ግን አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ነው ብለዋል። ገንዘቡ ከባለቤቱ ጋር ቢቀርም፣ ስሙ ለሚቀጥለው ትውልድ ይጠቅማል። በባርነት የተወለደ ሰው ከተማ ያበለጸገ መንገድ እንደ ከፈተ የሚያውቅ ልጅ፣ በዘሩና በድኽነቱ ምክንያት ከተናቀ ጎረቤቱ ላይ ቶሎ አይፈርድም።

ሌላው ደግሞ፣ «ይህ ሰው ነቀፋ የለበትምን?» ይል ይሆናል። አለበት። በ1864 ኮሎኔል ቺቪንግተን የሚመራው ጦር በሳንድ ክሪክ የሰፈሩትን የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች በድንገት ወግቶ ብዙ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ሲፈጅ፣ መንገድ መሪ ሆኖ ከጦሩ ጋር የሄደው ቤክዎርዝ ነበር። በኋላ ለመርማሪዎች፣ እምቢ ብል እሰቀል ነበር ብሎ ተናገረ፤ ያየውንም ግፍ መሰከረ። ሻየኖች ግን ከዚያ በኋላ ፊት ነሡት። በ1866 ገደማም በክሮው ሕዝብ አገር ሞተ። የከፈተው መንገድም ለመንገደኛው ዕረፍት ሲሆን፣ አገራቸው ለተወሰደባቸው ሕዝቦች መከራን አምጥቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ይገባልን? እኔ ይገባል እላለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩ ሳይጎደል ሲነገር ነው። በጎውን ብቻ የሚነግር በዓል ተረት ይሆናል፤ ልጅም አድጎ እውነቱን ባገኘ ጊዜ አስተማሪውን ጭምር ያቃልላል። ክፉውን ብቻ የሚነግርም ውለታ በላ ነው። መልካም ዳኛ የግራውንም የቀኙንም ሰምቶ እንደሚፈርድ፣ መልካም በዓልም ሁለቱንም ይነግራል።

አሁን ወደ ገዛ መንደራችን እንመለስ። ቤክዎርዝ የብረት ሥራ የተማረ ሰው እንደ ነበረ ሰምታችኋል። በእኛም አገር ማረሻ የሚሠራልንን ቀጥቃጭ፣ እንስራ የምትሠራልንን ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢ የሚሸምንልንን ሸማኔ ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። በእርሱ ማረሻ እያረስን፣ በእርስዋ እንስራ እየጠጣን፣ ስማቸውን በበጎ ለማንሣት ካፈርን፣ ማሪስቪልን ለመንቀፍ ምን አፍ አለን?

ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን መርጦ እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው። አስቀድመው ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ወደ ሽማግሌዎችና ወደ አሮጊቶች እየሄዱ፣ የመንደሩን ምንጭ ማን እንዳጐለበተ፣ የገበያውን መንገድ እነማን እንደ ጠረጉ፣ የመጀመሪያውን ማረሻ የሠራላቸው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። የሰሙትን በደብተር ይጻፉ፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱንም ይጻፉ። ከዚያም በቀኑ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይነበብ፤ ስሕተት ያለበትን ሽማግሌዎች ያርሙት። የሚነሣው ሰው ዘመድ በሕይወት ካለ በክብር ወንበር ይቀመጥ፤ ሠራተኛው ራሱ በሕይወት ካለ ደግሞ ምስጋናው በጆሮው ይድረሰው። ይህን ለማድረግ ድንኳንና ድግስ አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ብድር በምድር ይባላል። ማሪስቪል ብድሯን ለመመለስ 145 ዓመት ፈጅቶባታል፤ ባለ ብድሩም አላየውም። በእኛ መንደር ግን ባለ ብድሩ ዛሬ ከደጃፉ ተቀምጦ ይሆናል። እርሱ ሳያልፍ ልጆቹን ወደ እርሱ ስደዷቸው።